ከልጆች ጋር በሐረርና በድሬዳዋ ተራሮች፦ የት፣ መቼ፣ በምን ዝግጅት?

ከቶሮንቶ
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ሐምሌንና ነሐሴን ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ነን። ልጆቹ 4፣ 8 እና 12 ዓመታቸው ነው፤ እዚህ በእግር መሄድ ለምደዋል። ከከተማ ወጣ ብለን ተራራ ላይ ከእነሱ ጋር የምንሄድበት ቦታ ብትጠቁሙን። እናቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እሳቸውም አብረው መውጣት ይፈልጋሉ።

የሳቢያን ልጅ
እንኳን ደህና መጣችሁ እህታችን፣ ገና ሳትመጡም ቢሆን። ማረፊያችሁ ድሬ ይሁን፣ መሄጃችሁ ግን ላይ፣ ሐረር በኩል ይሁን። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1900 ገደማ። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ስለሚቀንስ ድሬ ላይ ልጅ የሚያዝል ፀሐይ ሐረር ላይ ደህና የመንገድ አየር ነው። ድሬ ዙሪያ መሄድ ካማራችሁ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ሂዱ።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደንገጎ የሚባለውን ዳገት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ ይወጣል። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያስመልሳቸው እዚህ ነው። ከመነሣታቸው በፊት ወተትና ዘይት የበዛበት ነገር አትስጧቸው፤ ደረቅ ዳቦና ሻይ ይበቃል። ስልክ እንዳያዩ፣ ፊት ለፊት መንገዱን ይመልከቱ። ሚኒባስ በኮንትራት ያዙና ሹፌሩ እስክትመለሱ እንዲጠብቅ ተስማሙ፤ ከሰዓት በኋላ ከደከመ ልጅ ጋር መናኸሪያ ተሰልፎ መኪና መጠበቅ የቀኑን ደስታ ያበላሻል። ሰዓት ስትነጋገሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ስልካችሁ ስድስት ሲል እሱ 12 ሰዓት ነው የሚለው። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» ብላችሁ ካላረጋገጣችሁ ሹፌሩ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ አትለኩ። ጎልማሳ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት 10 ደቂቃ ይጨመርበታል። 4 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር አቀበት ጋር ለእናንተ ብቻ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ከ8 ዓመቱ ልጅ ጋር እጥፍ አድርጉት፣ የእረፍቱንም ጨምሩ፤ ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል። የ4 ዓመቱ ትንሽ ሄዶ መታዘሉ አይቀርም፤ አንቀልባ ያዙ። የሕፃን ጋሪ ድንጋዩ ላይ ከንቱ ሸክም ነው።

ከዚራ
ወንድሜ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ከሁሉ በፊት መባል ያለበት ጎርፉ ነው። ውጭ ያሉ ቤተሰቦች የሚመጡት ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጉ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ወንዞቻችን የሚሞሉበት ወር ነው። በድሬ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጅ ሲያየው የተዘረጋ መጫወቻ ይመስለዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ምክንያቱን ለልጆቹ አስረዷቸው፣ ይገባቸዋል። ዝናቡ የሚጥለው ከተማው ላይ አይደለም፤ ደንገጎና ከዚያ በላይ ያለው ደጋ ላይ ነው። ተዳፋቱ ዛፉ የተመነጠረ፣ ድንጋያማ ስለሆነ ውሃውን ሳይመጥ ወደ ታች ይለቀዋል። ስለዚህ ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ካያችሁ፣ ከላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም የደረቀው አሸዋ ላይ ቀጭን ደፍራሽ ውሃ መሮጥ ከጀመረ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ጎን ውጡ። በአሸዋው ላይ ወደ ታች መሮጥ አያድንም፤ ጎርፉ ከሰው ይፈጥናል። መኪናም ውሃ ውስጥ አታስገቡ፣ ሹፌሩ «እለፍ፣ ይቻላል» ቢልም። አቦ፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ በአሸዋ ወንዝ ውስጥ ከልጅ ጋር አይኬድም፣ አለቀ።

ከቶሮንቶ
ይህንን በጭራሽ አላሰብነውም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትልቁ ልጅ ከድሬ አጠገብ ስላለው ስለ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አንብቦ ካላየሁ ብሏል። ይቻላል?

ከዚራ
ይቻላል፣ ለእሱ። ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋሻው ከደቻቱ ወንዝ 140 ሜትር ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ ነው። አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ የ8 ዓመቱ እጁ ተይዞ ይወጣል፣ የ4 ዓመቱን ግን አትውሰዱ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በወንዙ በኩል ስለሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል፤ በማለዳ፣ ሌሊቱን ደጋው ላይ ዝናብ ካልጣለ ብቻ ሂዱ። መጀመሪያ የድሬዳዋ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ገብታችሁ ፈቃድና አስጎብኚ ጠይቁ። ልጁን አደራ በሉት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እንዳይነካ፣ መሬት ላይ ካለው ድንጋይም አንዲት ፍንካች እንዳያነሣ። ያቺ ፍንካች የጥንት ሰው መሣሪያ ልትሆን ትችላለች፣ በሕግም የተጠበቀች ናት።

የጀጎል ሰው
ሐረርን ልጨምር። ለመላው ቤተሰብ የምመክረው ሐኪም ጋራን ነው። ከከተማው በስተደቡብ ነው፤ ከላይ ሆናችሁ ጀጎል፣ አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ከነግንቡ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ከፊሉን በባጃጅ ወጥታችሁ ቀሪውን በእግር መጨረስ ይቻላል፤ እናታችሁም በዚህ መንገድ አብረው ይወጣሉ። ቁልቁለቱ ግን ከአቀበቱ ይልቅ ጉልበት ይጎዳል፤ ሲመለሱ ባጃጁ እላይ ይጠብቃቸው፣ እናንተ ከልጆቹ ጋር በእግር ውረዱ። ጋራው ላይ የአው ሐኪም መቃብርና መስገጃ አለ፤ እናቶች ሻሽ፣ ሁሉም ሰው እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ፣ ልጆችም ድምፅ ቀነስ ያድርጉ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ከመጨለሙ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከተማ ግቡ፤ ጀንበር 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ ጅቦቹም ከዚያ በኋላ ይወጣሉ።

ለእናታችሁ ከሁሉ የሚቀለው ሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው፤ ሜዳ ነው፣ ከዓመታት ድርቀት በኋላ ውሃው ተመልሷል፣ ወፍ አይጠፋበትም። የዳርቻው ጭቃ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሰምጣል፤ የልጅ እግር ገብቶ ጫማው ይቀራል። ሣር ያለበትን ያዙ።

ዝናብ በሌለበት ቀን ደግሞ ከባቢሌ አልፎ በጅጅጋ መንገድ ያለው ዳካታ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ የሚታይበት ሸለቆ። ልጆች መውጣት ይፈልጋሉ፤ ዝቅተኛዎቹን ይፍቀዱላቸው፣ ከእናንተ ቁመት በላይ የሆነውን አይሆንም። ስንጥቆቹ ውስጥ እጅ ማስገባት ክልክል፤ እባብና ጊንጥ ጥላ የሚፈልጉት እዚያ ነው። ሲመለሱ የባቢሌ ለውዝ ግዙላቸው። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያን ግን በእግር ከልጅ ጋር አታስቡት።

ጋራ ሙለታና ቁንዱዶ የሚባሉት ተራሮች ለዚህ ጉዞ አይሆኑም። ጋራ ሙለታ ከ3300 ሜትር በላይ ነው፤ ከ2500 በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊጀምር ይችላል፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ የሚሰማውን በቃል አይናገርም። ቁንዱዶ ላይ በዱር የሚኖሩ ፈረሶች አሉ፣ የ12 ዓመቱ ይወደው ነበር፤ ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ጭቃ ባለበት ወቅት ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። በጥቅምትና በጥር መካከል ስትመጡ እንነጋገርበታለን። ወደ ባቢሌም ሆነ ወደ ሩቅ ወረዳ ከመውጣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ያለውን ጸጥታ ከአካባቢው ሰውና ከቀበሌው ጠይቁ።

የሳቢያን ልጅ
ስለ ዕቃው። ስስ ሶል ያለውን የሩጫ ጫማ ተዉት፤ የግራር እሾህ ቀጥ ብሎ ያልፈዋል። ጠንካራ ሶል፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት የተለበሰ ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ረጅም ሱሪ። ወረንጦ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ቁልቋል ሲቆረጥ የሚወጣውን ነጭ ወተት ልጆች በጣታቸው ነክተው ዓይናቸውን ያሹታል፤ ዓይን ይጎዳል። ከነካ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱ። ጫት ቅጠል እንዳይቀጥፉ፤ የገበሬው ሀብት ነው፣ ብዙውም ፀረ ተባይ ይረጭበታል።

ውሃ ለአንድ ልጅ በሰዓት ግማሽ ሊትር አስቡ፣ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት፤ ጠማኝ እስኪል አትጠብቁ። ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) ሁለት ፓኬት ያዙ። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሙሉውን የሚጨምሩ አሉ፣ ጨውና ስኳሩ ይበዛና ተቅማጡን ያብሳል። ለመክሰስ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሙዝ ደህና ነው፤ ለ4 ዓመቱ ግን ቆሎም ለውዝም እንዳያንቀው ሙዝና ዳቦ ብቻ። የጠዋት ሳምቡሳ ከረጢት ውስጥ እስከ እኩለ ቀን አይቆይም።

ገጠሩ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ልጆቹ ጠዋት «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ካቀረቡ በማሳ ዳር ለማለፍ ፈቃድ መጠየቁ ይቀላል። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፣ ቁሙ፤ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል፤ ድሬ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና። ክትባቱ ቀን አይሰጥም።

ከዚራ
ከመነሣታችሁ ስድስት ሳምንት በፊት እዚያው ሐኪማችሁን ስለ ወባ መድኃኒትና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ቅድመ ክትባት ጠይቁ። ድሬ ላይ ወባ አለ፤ በከተማ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ታንከር ውስጥ የሚራባ ትንኝ ገብቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ አስነሥቷል። ዘመዶቻችሁ ቤት በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ ልጆቹ አጎበር ውስጥ ይደሩ። ከጉዞው በኋላ፣ ካናዳ ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ ልጅ ትኩሳት ካለው ለሐኪሙ «ድሬዳዋ ነበርን» በሉት፤ እዚያ ያለ ሐኪም ካልተነገረው ወባን ቶሎ አይጠረጥርም።