«አጸደቀ»፣ «አጸና» ወይስ «አያስቀርብም»?

ቃል ፈላጊ፦ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለተመሳሳይ ፆታ ተጋቢዎች የጋብቻ ፈቃድ አልሰጥም ያለችው ኪም ዴቪስ ያን ጋብቻ የፈቀደው ፍርድ እንዲሻር ያቀረበችውን አቤቱታ መልሶባታል። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ መብት እንዳለ ቀጠለ ማለት ነው። ይህን በአማርኛ ስንጽፍ ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን «አጸደቀ» ነው «አጸና» የምንለው?

ነገረ ፈጅ፦ ሁለቱም አይሆኑም። የሚጸድቀው ረቂቅ ሕግ ነው፣ ያውም በምክር ቤት። ጋብቻውን የፈቀደው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2015 በ5 ለ4 ድምፅ የተሰጠው ፍርድ ስለሆነ «ወሰነ» ይበቃዋል። «አጸና» ደግሞ የይግባኝ ቃል ነው፤ የበላይ ፍርድ ቤት ክርክሩን ሰምቶ፣ የሥር ፍርድ ቤት አልተሳሳተም ሲል ያጸናል። በኅዳሩ ጉዳይ ክርክር አልተሰማም። ከዘጠኙ ዳኞች ቢያንስ አራቱ «ይቅረብ» ካላሉ መዝገቡ እዚያው ይዘጋል፤ ምክንያትም አልጻፉም። የእኛ ሰበር ችሎት ለዚህ ቁርጥ ያለ ቃል አለው፦ «አያስቀርብም»።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ፣ ቃሉ ግሩም ነው፣ ግን የፍርድ ቤት ደጅ ያልጠና አንባቢ «ምኑን?» ይላል። ደግሞ የእኛ የሰበር አቤቱታ አጣሪ ችሎት «አያስቀርብም» ሲል መሠረታዊ የሕግ ስህተት አላየሁም ማለቱ ነው። የአሜሪካው ዝምታ ያን ያህል እንኳ አይናገርም። «አቤቱታዋን አላይም አለ» ብንል አይሻልም?

ነገረ ፈጅ፦ ይሻላል፣ ተረትቻለሁ።

ቃል ፈላጊ፦ ዴቪስ የነበረችበት «ካውንቲ ክለርክ»ስ? «ጸሐፊ» እንበል?

የጣና ልጅ፦ «ጸሐፊ» ካልን አንባቢው ደብዳቤ የምትተይብ ሴት ያስባል። ሴትየዋ በሕዝብ ተመርጣ የጋብቻ ፈቃድ የምትሰጥ ሹም ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አልሰጥም ያለችውም እሱን ነው። «የክብር መዝገብ ሹም» ይቀርበዋል፣ ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም። የእኛ ሹም ጋብቻውን ራሱ ያስፈጽማል፤ እዚያ ግን ፈቃዱን ይዞ ቄስ ወይም ዳኛ ዘንድ መሄድ አለ።

ነገረ ፈጅ፦ «ፈቃድ» እና «የምስክር ወረቀት» የሚምታቱትም እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ይወጣል፤ ያጋባው ሰው ፈርሞበት ወደ ቢሮው ይመለስና ይመዘገባል፤ የምስክር ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን «የጋብቻ ወረቀት» ብሎ የሚተረጉም ሰው እ.ኤ.አ. የ2022ቱን የአሜሪካ ሕግ ጭምር ያበላሸዋል። ያ ሕግ አንድ ግዛት በሌላ ግዛት ለተፈጸመ ጋብቻ እውቅና እንዲሰጥ ያስገድዳል። የ2015ቱ ፍርድ አንድ ቀን ቢሻር ግን ግዛቱ ራሱ ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። «እውቅና» እና «ፈቃድ» ከተቀላቀሉ ዜናው ተገለበጠ።

ቃል ፈላጊ፦ «የግብረ ሰዶማውያን ጋብቻ» የሚሉም አሉ።

የጣና ልጅ፦ «ግብር» ድርጊት ነው። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 «ግብረ ሰዶም» የሚለው ድርጊቱን ነው፣ ስለ ጋብቻ አያወራም። የጋብቻ ውል ዜና ላይ ስንለጥፈው ክስ እየተረጎምን ነው። «የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ» ረዘም ቢልም ውሉን ይጠራል።

ቃል ፈላጊ፦ «ባልና ሚስት» ደግሞ አይሆንም...

ነገረ ፈጅ፦ «ተጋቢዎች» አለልህ፤ የቤተሰብ ሕጋችንም ይጠቀምበታል። ለአንዱ ብቻ ከሆነ «ባለቤት» በል፤ ቃሉ ወንድ ሴት አይልም። ችግሩ ግሱ ላይ ነው፣ «ባለቤቱ መጣ» ወይ «መጣች» ማለት ግድ ነው። አክብሮ መጻፍ ግን ያወጣሃል፦ «ሚኒስትሩና ባለቤታቸው መጡ»።