ፍየሎቹ አመድ የወደቀበትን ቅጠል ቢበሉስ?

ሰላም ወገኖቼ፣ ከጎንደር አዘዞ ነው የምጽፈው። እንደ ወንድም የማየው ጓደኛዬ አፋር ክልል፣ አፍዴራ ይኖራል። ባለፈው እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰፈሩም ግጦሹም አመድ ለበሰ። አመዱ በነፋስ እስከ ህንድ ተጓዘ ተብሏል። የእሱ ፍየሎች ግን እዚያው ናቸው።

ትናንት ፎቶ ላከልኝ። የአንዷ ፍየል አፍንጫ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቅጠሉን አሽትታ ትተወዋለች አለኝ። እንዲህ ያለ አመድ ጥርስ እንደሚሞርድ፣ መርዛማ ፍሎራይድም ሊይዝ እንደሚችል አንብቤያለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ።

የእንስሳት ሐኪሞች፣ እባካችሁ! ቅጠሉን ማራገፍ ይበቃል ወይስ መታጠብ አለበት? ውሃ እንደሆነ እዚያ ብርቅ ነው። ከዚህ መኖ ጭኜ ልላክ ካልኩስ የቱ ይሻላል? ማታ ስለምደውልለት፣ የምታውቁትን ቶሎ ንገሩኝ።