«አይኤምኤፌ» ወይስ «እሜፌዬ»? ቱርክኛ ቅጥያው የማንን አፍ ይከተል?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። እ.ኤ.አ. በ2024 አይኤምኤፍ ለኢትዮጵያ ስላጸደቀው 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር የሚያወራ ጽሑፍ ከአማርኛ ወደ ቱርክኛ መልሼ ነበር። «ለአይኤምኤፍ» የሚለውን ሁሉ «አይኤምኤፌ» ተብሎ እንዲነበብ ጻፍኩት፤ ሦስቱ ፊደላት፣ ከላይ ጭረት፣ ከዚያ አንዲት «ኤ»። አራሚው ሁሉንም በቀይ ሰርዞ «ዬ» አድርጎ መለሰልኝ። ምነው ብለው፣ «በቱርክኛ ኤፍ የሚባል ፊደል የለም፤ ስሙ ፌ ነው። ስለዚህ እ-ሜ-ፌ፣ ሲቀጠል እሜፌዬ» አለኝ። የሚገርማችሁ ይህን በስልክ ሲያስረዳኝ ራሱ «አይ-ኤም-ኤፍ» እያለ ነው! ቅጥያ ድምፅን የሚከተል ከሆነ ሰው የሚናገረውን ድምፅ ይከተል እንጂ ማንም የማይናገረውን ለምን ይከተላል? ሐሳባችሁን አምጡ።

የአንካራዋ፦
ቱርክኛ ላልጀመሩት መጀመሪያ ላብራራ፤ አለዚያ ክርክሩ የሁለት ሰው ወሬ ይሆናል። እኛ «ለ» ብለን ከፊት የምናስቀድመውን እነሱ ከኋላ ይቀጥሉታል። የሚቀጠለው ደግሞ መልኩን የሚይዘው ከበፊቱ ካለው አናባቢ ነው። «ለአንካራ» ሲሉ አንካራያ፣ «ለኢዝሚር» ሲሉ ኢዝሚሬ። «ከ» ለማለት ዳን፣ ዴን፣ ታን፣ ቴን የሚሉ አራት መልኮች አሉ፤ ከናቶ ናቶዳን፣ ከዩኒሴፍ ዩኒሴፍቴን። ጣጣው የሚመጣው በላቲን ፊደል ተነባቢዎች ብቻ ተደርድረው ሲቀመጡ ነው። አናባቢው ወረቀቱ ላይ የለም፤ ያለው አንባቢው አፍ ውስጥ ነው።

በ1932 የተቋቋመው የቱርክ ቋንቋ ተቋም ታዲያ እንዲህ ብሎ ገላገለ፦ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ከሆነ የመጨረሻውን ፊደል ቱርክኛ ስም ተከተሉ። በትንንሽ ፊደል የሚጻፍ መለኪያ ከሆነ ሙሉ ቃሉን ተከተሉ፤ የኪሎግራም ምህጻረ ቃል «ኬጌ» ተብላ ስለማትነበብ «ከኪሎ» ሲሆን «ዴን» ሳይሆን «ዳን» ትይዛለች። እንደ ቃል የሚነበብ ከሆነ ደግሞ እንደ ቃሉ፤ ቲካን ታውቁታላችሁ፣ በ2005 አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ቢሮውን አዲስ አበባ የከፈተው የቱርክ የትብብር ድርጅት፤ እሱ ቲካያ ነው፣ ያለቀለት። በዚህ ደንብ አራሚህ ልክ ነው። ደንብ የሚያስፈልገው እኮ ሁላችንም አንድ ዓይነት ስለማናነብ ነው።

ኮንቴነር፦
እኔ የኢስታንቡል ላሌሊ ገበያ ነጋዴ ነኝ፤ ቱርክኛዬን የተማርኩት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ያረጀች ሬኖ ልሸጥ ማስታወቂያ ጻፍኩ። በላቲን ስትጻፍ መጨረሻዋ ላይ የማይነበቡ ፊደላት አሏት፤ እኔ ያየሁትን አምኜ ቅጥያውን እዚያ ላይ ለጠፍኩት። ጎረቤቴ ሳቀብኝ። «ሬኖ ነው የምትለው፣ ስለዚህ ሬኖዩ በል» አለኝ። እሺ ብዬ አረምኩ። አሁን እህቴ የምትለውን ስሰማ ግራ ገባኝ። ለፈረንሳዩ መኪና ሲሆን አፍን ተከተል፣ ለዋሽንግተኑ የገንዘብ ድርጅት ሲሆን አፍህን እርሳ? ይቺ ምን ዓይነት ሚዛን ናት?

ተርጓሚው፦
ኮንቴነር እጅህ ይባረክ! እኔ የፈለግሁትን ተናገርክልኝ። የተቋሙ ደንብ ራሱ ለባዕድ ስም «እንደ አነባበቡ» ይላል። ቦርዶ የሚባለው የፈረንሳይ ከተማ ሲጻፍ በሌላ ያልቃል፤ ቅጥያው ግን «ኦ»ን ይከተላል።

የአንካራዋ፦
ልዩነት አለው። ሬኖ የሰው ስም ነው፤ የሰውን ስም ባለቤቱ እንደሚጠራው ትጠራዋለህ። ፊደል ግን የአንባቢው ነው። ጀርመኑም ጣሊያኑም ምህጻረ ቃልን በራሱ ፊደል ስም ያነባል። ቱርኩ ሲያነብ የእንግሊዝ ፊደል ስም የሚዋሰው በምን ዕዳው ነው? በ1928 ፊደላቸውን ሲቀይሩ 29 ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተዋል።

ተርጓሚው፦
29ኙ ውስጥ ደብሊው የለችም። ቢኤምደብሊውን በየትኛው ስም ታነቢዋለሽ? የቱርክ ሹፌር ሁሉ «ቤ-ኤም-ቬ» ነው የሚለው። ልብ በይ፣ መካከል ላይ «ኤም» አለ፤ እንደ ደንቡ «ሜ» መሆን ነበረበት። ለሹፌሩ ደንቡን ማን ነገረው?

ኮንቴነር፦
ሹፌሩ ገንዘቡን ይቆጥራል እንጂ ፊደል አይቆጥርም 😂

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ገና ቱርክኛ በምንማርበት የዝግጅት ዓመት ላይ ነኝ። እኔን የቸገረችኝ የ«ክ»ን ድምፅ የምትሰጠዋ የላቲን ፊደል ናት። መምህራችን ስሟ «ኬ» ነው ብላናለች። የቤት አከራዬ ግን «ካ» ይላል፤ ዜና ላይም «ካ» እሰማለሁ። የቋንቋ ተቋሙ ራሱ ምህጻረ ስሙ በዚያች ፊደል ነው የሚያልቀው። «ቴዴኬዬ» ልበል ወይስ «ቴዴካያ»?

የአንካራዋ፦
ፈተና ላይ ቴዴኬዬ። መንገድ ላይ እንደ አከራይህ ብትል ማንም አይቆጣህም። አንድ ነገር ግን ልምከርህ፦ በዚያችው ፊደል የሚያልቅ የታጣቂ ድርጅት ስም ላይ «ኬ» አልክ «ካ» አልክ ሰው ወገንህን የሚገምትበት ጊዜ አለ። ለገዢው ፓርቲ አጠራርም እንዲሁ ነው። እነሱ አጭር ስማችን «አክ ፓርቲ» ነው ይላሉ፣ «አክ» ነጭ፣ ንጹሕ ማለት ነውና። ተቃዋሚው ግን ሦስቱን ፊደል ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። እንግዳ ሰው ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ ቢያደምጥ ይሻለዋል።

የኔታ፦
ልጆች፣ ቱርክኛዬ ቡና ለማዘዝ ነው የሚበቃው፤ አማርኛ ግን ሳስተምር ነው ያረጀሁት። እስቲ የራሳችንን እዩ። «ት/ቤት» ብለን ስናሳጥር የቆረጥነው ራሱን ነው፤ ጅራቱን ትተነዋል። ስለዚህ ት/ቤቱ፣ ት/ቤቶች፣ ፍ/ቤታችን፣ መ/ቤታቸው ስንል ቅጥያው የሚያርፍበት አለው። «ዶ/ር» ብትሉም መጨረሻዋ «ር» ቀርታለች፤ ዶ/ሩ፣ ዶ/ሯ ትላላችሁ። ያቺን ሰረዝ ያመጣት ጸሐፊ ሰዋስው አስቦም ይሁን እጁ ለምዶት፣ ብልሃተኛ ነበር። የእነዚያ ምህጻረ ቃል ግን ቀንዱን አስቀርቶ ጅራቱን ይጥላል፤ ከዚያ ከብቱን በምን እንያዘው ብለው ይጣላሉ።

ሁለተኛው የፊደሉ ነገር ነው። እኛ «አይኤምኤፍ» ብለን ስንጽፍ ንባቡን ራሱን ጻፍነው። አናባቢው እላዩ ላይ ነው። ኤቲኤሙ፣ ፒዲኤፉ፣ ሲቪው፣ ኤንጂኦዎቹ ስንል ማን ተከራከረ? የልጃችን ጥያቄ በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ አይነሳም ነበር።

የአንካራዋ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኪ.ሜ.ስ? «40 ኪ.ሜ.ው» ይሉታል ወይስ «40 ኪ.ሜ.ሩ»? አፍዎ «ኪሎ ሜትሩ» ነው የሚለው፤ «ር» ግን ወረቀቱ ላይ የለችም።

የኔታ፦
ያዝሽኝ። እኔ እንዲህ ያለው ሲገጥመኝ ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ቀለም አይወደድ!

ኮድ ሠሪ፦
ዘግይቼ መጣሁ። እናንተ ስለ አንድ አይኤምኤፍ ትጣላላችሁ፤ እኔ በሺህ የሚቆጠር የደንበኛ ስም ነው ያለብኝ። «ለእገሌ መልእክት ተልኳል» የሚል ማሳወቂያ በቱርክኛ መሥራት ነበረብኝ። በአማርኛ «ለ» ብለህ ስሙን ማስከተል ነው፣ ማንም ይሁን ማን። በቱርክኛ ግን አህሜት ሲሆን «አህሜቴ»፣ አይሼ ሲሆን «አይሼዬ»፣ ሙስጠፋ ሲሆን «ሙስጣፋያ»። ለቱርክ ስም ኮድ ጻፍኩለት፣ ሠራ። ከዚያ የውጭ ስሞች መጡ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ትነበብ አትነበብ ኮምፒውተሩ በምን ይወቅ? በመጨረሻ ቱርኮቹ ፕሮግራመሮች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረግሁ፦ ስሙን ብቻውን ትቼ «እገሌ የተባለ ተጠቃሚ» ብዬ ቅጥያውን «ተጠቃሚ» ላይ ሰቀልኩት። አስቀያሚ ነው፣ ግን ስህተት የለውም። ስለዚህ የእኔ ድምፅ ለአራሚው ነው። አፍን ተከተል የሚል ደንብ ለማሽን ሊነገር አይችልም።

ተርጓሚው፦
ቋንቋው ለማሽን ነው እንዴ የተሠራው?

ኮድ ሠሪ፦
ደሞዜን የሚከፍለኝ ማሽኑ ነው ወንድሜ።

የኔታ፦
አንድ ነገር ላንሳ፣ ልጆቹ ያስተማሩኝ ነው። «ሰዓት» የምንለውን ቱርኮች «ሳኣት» ይሉታል። የመጨረሻ አናባቢው «አ» ስለሆነ «ለሰዓት» ሲሉ «ሳኣታ» መሆን ነበረበት፤ እነሱ ግን «ሳኣቴ» ይላሉ። ከዐረብ የመጣ ቃል ነው አሉኝ፣ ባህርዩን ይዞ ቀረ። እግር ኳስ ላይም «ጎል» የሚለው ቅጥያውን በቀጭን አናባቢ (እንደ «ኤ») ሲይዝ «ፉትቦል» በወፍራሙ (እንደ «አ») ይይዛል። መጨረሻቸው አንድ የሆነ ሁለት ቃል! ይህን ማንም ተቋም አላዘዘውም። አፍ ነው የወሰነው።

የአንካራዋ፦
እውነት ነው። ግን የኔታ፣ አፍ እና ወረቀት የማይገናኙበትም ሞልቷል። ዞንጉልዳክ የምትባል ከተማ አለች፤ «ለዞንጉልዳክ» ሲጻፍ «ክ»ዋ ትጻፋለች፣ ሲነገር ትሟሟለች። አንባቢው ይህን ያውቃል፣ አይደናገርም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ አፍን ተከተሉ ካልን ምህጻረ ቃሉን በልባቸው ሙሉ የሚያነቡትን ምን እንላቸዋለን? የአውሮፓ ኅብረትን በሁለት ፊደል ጽፈው «አቤዬ» በማለት ፈንታ «ኔ» የሚለጥፉ አሉ፤ ሙሉ ስሙ ላይ «ኔ» ስለሚመጣ። የቱርክ ፓርላማን በአራት ፊደል ጽፈውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህን ሁሉም አራሚ እንደ ስህተት ይሰርዘዋል። በእነሱ አፍ ግን ልክ ነው።

በሌላ በኩል (ይኸውላችሁ እጄን ልስጥ) «እሜፌ» የሚል ሰው እኔም ከአራሚዎች ውጪ አልሰማሁም። ሁለቱንም ብቀበል ደስ ይለኛል፤ አንድ ጽሑፍ ውስጥ እስካልተቀላቀለ ድረስ። ተርጓሚው፣ ያንተ አንድ ወጥ ከነበረ መሰረዝ አልነበረበትም።

ኮንቴነር፦
ይኸው! መጀመሪያውኑ ይህን ብትይ ሬኖዬን ሸጬ እመለስ ነበር።

ተርጓሚው፦
ወጥ ነበር፣ አንድም ቦታ አልተቀላቀለም። ለማንኛውም የኔታን ምክር ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ምህጻረ ቃሉን ከሁሉም ቦታ አውጥቼ «ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት» የሚለውን በሙሉ ቱርክኛ ጻፍኩት። የቋንቋ ተቋሙ ለተቋማት ሙሉ ስም ጭረቷ አትግባ ስለሚል ቅጥያውን ያለ ጭረት ቀጠልኩት። ላክሁ።

አዲስ ገቢ፦
እና አለፈ?

ተርጓሚው፦
አሁን ተመለሰ። ሁሉም ቦታ ላይ በቀይ ጭረት አስገብቶበታል።

የአንካራዋ፦
እሱን ተወው፣ ስልኩን ስጠኝ።