የድሮ ላፕቶፔን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ልቀይረው ነው፣ ከየት ልጀምር?

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ናችሁ፣ እስቲ የምታውቁ እህታችሁን አግዙኝ። ላፕቶፔ የ2010 ስሪት ነው፣ ኮር አይ5 የመጀመሪያው ጀነሬሽን፣ ራሙን አምና ከ4 ወደ 8 ጊጋ አሳድጌዋለሁ፣ ሃርድ ዲስኩ ግን አብሮት የመጣው 500 ጊጋ ባለ 5400 ዙር ነው። ዊንዶውስ 10 ነው ያለው። አሁን አሁን መንቀራፈፉ ከልክ አለፈ፣ ስከፍተው ዴስክቶፑ እስኪመጣ ከ4 ደቂቃ በላይ፣ ከመጣ በኋላም ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ ይቀራል፣ ወርድ ተጭኜ ሄጄ ሌላ ነገር ሰርቼ ስመለስ ገና ሲከፈት ነው የማገኘው። ራም ስጨምርለት ይሻለዋል ብዬ ነበር ግን ያን ያህል አልሆነም። ስራዬም ትምህርቴም እዚሁ ላይ ነው፣ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ አሁን አይታሰብም።

ግራ የገባኝ ሶስት ነገር ነው። አንደኛ የትኛውን አይነት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣን ዲስክ) ነው የምገዛው፣ ኤም ዶት 2 አለ ኤንቪኤምኢ አለ ሳታ አለ። ሁለተኛ አንድ ልጅ "ያንቺ ላፕቶፕ ሳታ 2 ስለሆነ ኤስኤስዲ ብታስገቢለትም ግማሽ ፍጥነቱን ነው የምታገኚው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ" አለኝ፣ እውነት ነው? ሶስተኛ ያለውን እንዳለ ክሎን ላድርገው ወይስ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጫን? የመመረቂያ ፅሁፌም፣ የልጄ ፎቶዎችም ከተወለደች ጀምሮ ያሉት በሙሉ እሱ ላይ ናቸው። አልፎ አልፎ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ይልና ለጥቂት ሰከንድ ድርቅ ይላል፣ እሱ እንግዲህ እርጅና ነው መሰለኝ።

ካቻቢቴ፦
ሰላም እህቴ። ልጁ የነገረሽ ቁጥር ልክ ነው፣ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። ሳታ ማለት ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው፣ ሳታ 2 በሰከንድ 3 ጊጋ ቢት ነው፣ በሜጋ ባይት ሲሰላ ጣሪያው 300 አካባቢ ይመጣል፣ የአሁኖቹ የሳታ ኤስኤስዲዎች ደግሞ እስከ 550 ይሄዳሉ፣ ስለዚህ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ስትገለብጪ አዎ ግማሹን ነው የምታገኚው። ግን ላፕቶፕሽን ያስቸገረው ትልቅ ፋይል መገልበጥ አይደለም እኮ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ በሺ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም እየለቀመ ነው የሚያነበው። አሁን እስቲ አብረን እናስላው፣ ያንቺ ዲስክ በደቂቃ 5400 ዙር ማለት በሰከንድ 90 ዙር ነው፣ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ የሚፈለገው ቦታ እስኪዞር በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠብቃል እሱ 5 ተኩል ሚሊሰከንድ ነው፣ በዛ ላይ የሚያነበው ሄድ ራሱ ተንቀሳቅሶ ቦታው እስኪደርስ 12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጨምሪበት። ለአንዲት ቁራጭ 17 ሚሊሰከንድ መጣ፣ በሰከንድ 60 ቁራጭ ብቻ ማለት ነው። ቁራጮቹ ባለ 4 ኪሎ ባይት ከሆኑ በሰከንድ ሩብ ሜጋ ባይት እንኳን አይሞላም! ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሲልሽ እዛው ታስክ ማናጀር ላይ የሜጋ ባይቱን ቁጥር እዪው፣ ስራ በዝቶበት ሞተ እያለሽ 1 ሜጋ ባይት ላይ ቆሞ ልታገኚው ትችያለሽ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ያችኑ ቁራጭ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው የሚያመጣት፣ እዚህ ላይ ሳታ 2 ይሁን ሳታ 3 የሚያመጣው ልዩነት አይሰማሽም። ራም ብትጨምሪም ያልፈጠነው ለዚህ ነው።

የምትገዢው 2.5 ኢንች ሳታ የሚለውን ነው፣ ኤም ዶት 2ም ኤንቪኤምኢም በ2010 ላፕቶፕ ላይ መሰኪያው የለም። ውፍረቱን ደግሞ አትርሺ፣ ያሁኖቹ 7 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የድሮው ሃርድ ዲስክሽ 9.5 ሊሆን ስለሚችል ክፍተቱን የምትሞላ የፕላስቲክ ፍሬም አንዳንዴ አብራ ትመጣለች፣ ካለች ከካርቶኑ ጋር እንዳትጥያት። ክሎኑን ከፈለግሽ ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ያስፈልግሻል፣ ሌላው ቀላል ነው።

ጥንቁቅ፦
እህት፣ ስለ ፍጥነቱ ከማውራታችን በፊት መጨረሻ ላይ የፃፍሽው ነው ያስደነገጠኝ። ቀጭ ቀጭ ብሎ ድርቅ ማለት እርጅና ብቻ አይደለም፣ ሄዱ አንድ ቦታ ማንበብ አቅቶት እየተመላለሰ ሲሞክር የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ዲስኩ እየተሰናበተሽ ሊሆን ይችላል። እባክሽ ክሎን የሚባል ነገር አሁን አትጀምሪ። እኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው የምነግርሽ፣ እንዲሁ የሚጮህ ዲስክ ነበረኝ፣ ኤስኤስዲ ገዝቼ በደስታ ክሎን ጀመርኩ፣ 71 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ቆመ፣ አጥፍቼ ሳበራው ዲስኩ ከናካቴው አልታይ አለ። ክሎን ማለት ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሰዓታት ሳያሳርፉ ማስነበብ ነው፣ ለታመመ ዲስክ ደግሞ ይሄ ሸክም ነው፣ ቀድሜ የምፈልገውን 20 ጊጋ ብቻ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ አላዝንም ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ኤስኤስዲው ሳይገዛ፣ መጀመሪያ የመመረቂያ ፅሁፍሽን ፍላሽ ላይ፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹን ኤክስተርናል ላይ ገልብጪ፣ ፕሮግራም ምናምን ተይው እንደገና ይጫናል። ከዛ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤንነት ማሳያ ፕሮግራም ክፈቺና ሪአሎኬትድ ሴክተርስ (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ የዲስክ ቁራጮች) እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር (ማንበብ ያቃተውና ገና ያልተተኩ) የሚሉት ጎን ያለውን ቁጥር ንገሪን።

የማታ ተማሪ፦
ኧረ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የገለበጥኩት። ፅሁፉ ወጥቷል እግዚአብሔር ይመስገን። ፎቶውም አብዛኛው ወጣ፣ ሁለት ፎልደር ግን ገና ሲጀምር ይቆምና ኤረር ይላል፣ አንደኛው የመጀመሪያ ልደቷ ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ ቢጫ ሆኖ ኮሽን ይላል፣ ሪአሎኬትዱ 0 ነው፣ ፔንዲንግ የሚለው 18 ነው።

ጥንቁቅ፦
ደግ አደረግሽ። 18 ያልሽው ግን እዛ ፕሮግራም ላይ ቁጥሩ ካልተቀየረ በሄክሳዴሲማል (በ16 እየተቆጠረ) ነው የሚታየው፣ በኛ አቆጣጠር 16 ሲደመር 8፣ 24 ነው። ዲስኩ ማንበብ ያቃተው 24 ሴክተር አለ ማለት ነው። ፎልደሮቹን ደጋግመሽ ለመክፈት አትሞክሪ፣ ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛም እንዳታስነሺበት፣ ዝም ብለሽ አጥፊውና ይረፍ።

ፔንግዊን፦
ጥንቁቅ ባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ክሎን ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው የክሎን ፕሮግራም መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ ወይ እዛው ችክ ይላል ወይ ስራውን ይተዋል፣ ዲዲሬስኪው የሚባለው የሊኑክስ መሳሪያ ግን ለዚሁ ነው የተሰራው፣ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን በሙሉ ይሰበስባል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ ማፕ ፋይል ላይ ይመዘግበዋል፣ በኋላ ነው ተመልሶ ትንሽ በትንሹ የሚሞክረው። መብራት ቢጠፋም ከመዘገበበት ነው የሚቀጥለው። ዲስኩን ሳታወጪው፣ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሰክተሽ በሱ ቡት አድርጊና ኢሜጁን (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል) ባዶ ቦታው ከ500 ጊጋ የሚበልጥ ኤክስተርናል ላይ አስቀምጪው፣ የትኛው ምንጭ የትኛው መድረሻ እንደሆነ ግን ሶስቴ አረጋግጪ፣ ከተገላበጠ ያለሽንም ያጠፋብሻል። ፎቶ ፍለጋው ከኢሜጁ ላይ ይሁን፣ ዲስኩን ከዛ በኋላ አትንኪው።

ዲስኩ ጤነኛ ለሆነ ሰው ግን እኔ ክሎን ነው የምመክረው፣ ፕሮግራሙ ሴቲንጉ እንዳለ ይመጣል፣ እንደ አዲስ መጫን ግዴታ አይደለም። ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን በሚስጥር የሚቆልፍበት) የበራበት ካለ ብቻ የሪከቨሪ ኪውን ቀድሞ ይያዝ።

ካቻቢቴ፦
ቀጭ ቀጩን እኔ አልፌው ነበር፣ ጥንቁቅ ተባረክ። እንግዲያው እህቴ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኚው፣ ከተበላሸ ዲስክ ላይ የተገለበጠ ዊንዶውስ የቱ ፋይሉ እንደጎደለ አታውቂውም። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ በማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አዘጋጂ፣ ሲጭን ኪ ሲጠይቅሽ የለኝም በይው፣ ያው ኤዲሽን ከሆነ ላይሰንሱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተያያዘ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ከመጫንሽ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) ገብተሽ የሳታ ሞዱ ኤኤችሲአይ መሆኑን እዪ፣ ከተጫነ በኋላ ብትቀይሪው ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚጠብቅሽ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ሰፖርቱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ያንቺን ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፣ ስለዚህ አንድ ቀን ሊኑክስን ብታስቢበት ጥሩ ነው፣ አሁን ግን ትምህርትሽን ጨርሺ።

ስትፈቺው ሸት ዳውን አድርገሽ፣ ቻርጀሩን ነቅለሽ፣ ባትሪውን አውጥተሽ፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፣ ውስጥ የቀረው ኮረንት ይውጣ። ብረት ነካ አድርጊ። ከታች የዲስኩን ክዳን ስትከፍቺ ዲስኩ በብረት መያዣ ታስሮ ነው የምታገኚው፣ ብሎኖቹን ፈተሽ በአግድም ወደ ኋላ ሳቢው፣ ወደ ላይ ካነሳሽው መሰኪያውን ትሰብሪዋለሽ። ብሎኑ ከጠበቀ ካቻቢቴውን በደንብ ጫን አድርገሽ ቀስ ብለሽ ዙሪው፣ ጥርሱ ካለቀ ጣጣ ነው።

የማታ ተማሪ፦
ተመልሻለሁ! ዲዲሬስኪው ሁለት ሌሊት ፈጀ፣ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዛ ኤስኤስዲውን አስገብቼ ሳበራው ዲስክ የለም ይለኛል፣ ባዮስ ውስጥም አይታይም፣ ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ ብዬ ላለቅስ ደረስኩ። እንደገና ስከፍተው ያቺን የፕላስቲክ ፍሬም አልለጠፍኳትም ለካ፣ ኤስኤስዲው ቀጭን ስለሆነ ወደ ታች አዘንብሎ መሰኪያው በግማሽ ነው የገባው። ፍሬሟን ለጥፌ እስኪጠብቅ ገፋ ሳደርገው ወዲያው ታየ። አሁን ከማብሪያው እስከ ዴስክቶፕ በስልኬ ያዝኩት፣ 27 ሰከንድ። ወርድ ደግሞ ተጫንኩት ተከፈተ፣ በቃ።

የልደቷ ፎልደር ከኢሜጁ ላይ ተከፈተ፣ ሶስት ፎቶ ከታች ግማሻቸው ግራጫ ሆኗል፣ ሻማውን እፍ የምትልበት ግን ሙሉ ነው። የድሮውን ዲስክ ኬዝ ገዝቼለት ለፊልም ምናምን ልጠቀምበት?

ጥንቁቅ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ በተለይ ለፎቶዋ። ዲስኩን ግን ተይው፣ ብትጠፋ የማታሳዝንሽ ፊልም እንኳን ብትሆን አታስቀምጪበት፣ ዛሬ 24 የሆነው ነገ ስንት እንደሚሆን አይታወቅም። ፎቶዎቹን ኤስኤስዲው ላይ ብቻ እንዳትተያቸው ደግሞ፣ ኤስኤስዲ ሲሞት ቀጭ ቀጭ እንኳን አይልም፣ ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ኮፒ አታጥፊው።