“የባሕር ማዶ መድኃኒት” ወይስ “አደንዛዥ ዕፅ”? ከአራሚ ጋር ተጣልቻለሁ፣ አስታርቁን

ብራና፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንቆኛል፣ ይኸው ሁለት ቀኔ። ለአንድ መጽሔት ስለ ኦፒየም ጦርነት (እንግሊዝ ከቻይና ጋር በዚህ ሱስ አስያዥ ዕቃ ንግድ ሰበብ የተዋጋችውን) እየጻፍኩ ነው። እንዲህ አልኩ፦ “በ1858 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ላይ በተፈረመው የታሪፍ ስምምነት ኦፒየም ‘የባሕር ማዶ መድኃኒት’ ተብሎ፣ በመቶ ካቲ 30 ታኤል ብር ቀረጥ ተቆርጦለት፣ በሕግ መግባት ጀመረ።” (ካቲ የቻይና የክብደት መለኪያ ነው፣ ታኤል ደግሞ የብር ማዕድን መመዘኛ።) አራሚው “መድኃኒት”ን ሰርዞ “ከውጭ የመጣ አደንዛዥ ዕፅ” አለልኝ። እኔ እኮ ከራሴ አላመጣሁትም። ቻይንኛው “ያንግያው” ነው የሚለው። “ያንግ” ውቅያኖስ፣ “ያው” መድኃኒት። ከ19 ዓመት በፊት የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ልዩ መልእክተኛ ሊን ዘሹ ሁመን ላይ ከውጭ ነጋዴዎች ከ20,000 ሳጥን በላይ ተረክቦ፣ በጨውና በኖራ እያሟሟ ወደ ባሕር የለቀቀው ያንኑ ዕቃ ነው! ያው ዕቃ “መድኃኒት” ተብሎ በጉምሩክ በር ሲገባ፣ ስሙ ራሱ ታሪክ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። የአማርኛ አንባቢ “መድኃኒት” ሲል ክኒን ብቻ ነው የሚታየው? ነገ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ፊደል ገበታ፦
በመጀመሪያ “መድኃኒት”ን በብዙኃኑ ኀ ስለጻፍሽ እግዜር ይስጥሽ። ዘንድሮ እሱንም የሚያውቅ የለም። ወደ ጥያቄሽ ስንመጣ አራሚው ልክ ነው። ሥሩ “ድኅነ” ነው፤ ዳነ ማለት። ድኅነት፣ መድኅን፣ መድኃኔ ዓለም ከዚያ ነው የሚወጡት። ከመዳን የተወለደን ቃል አገር ለፈጀ ነገር መስጠት ነውር ነው።

ነጭ ካፖርት፦
ጋሼ ፊደል፣ ሱቅ ሄደው አይጥ አስቸገረኝ ቢሉ ምን ይሰጥዎታል? “የአይጥ መድኃኒት”። አይጧ ትድናለች? 😂 እኔ ፋርማሲ ነው የምውለው። ሰው “መድኃኒት አበላችው” ሲል አሞክሳሲሊን ማለቱ አይደለም። ሌላው ደግሞ ሞርፊን ከኦፒየም ነው የሚወጣው፣ ዛሬም ለከባድ ሕመም ይታዘዛል። ስለዚህ “መድኃኒት አይደለም” ማለቱም አያዋጣም።

ፊደል ገበታ፦
የአይጥ መድኃኒት የሱቅ አማርኛ ነው። እዚህ ስለ ሥር ነው የምናወራው።

መሪጌታው፦
ስለ ሥር ከሆነ እኔን አስገቡኝ፣ ድጓ ቤት በከንቱ አላረጀሁም። ሁለታችሁም ስታችኋል። ለዚህ የተፈጠረ ቃል ግእዝ አለው፦ ሥራይ። ሐኪሙ “ዐቃቤ ሥራይ” ይባላል። ጠንቋዩ ደግሞ “መሠርይ”። ዛሬ ተንኮለኛውን “መሠሪ” የምትሉት ከዚያው ነው። ፈውሱም መርዙም በአንድ ቃል ገብቷል። “የባሕር ሥራይ” በዪና ተገላገዪ፣ ልጄ።

ብራና፦
መሪጌታ፣ ቃሉ ልብ ይነካል። ግን ግማሹ አንባቢ “ሥራዬ” ብሎ ያነበዋል እኮ።

ፊደል ገበታ፦
ታዲያ ሥርየተ ኃጢአትም ከሥራይ ነው ሊሉን ነው?

መሪጌታው፦
ብልስ? ኃጢአት ደዌ ነው፤ ሥርየት ፈውስ ነው።

ፊደል ገበታ፦
በእሳቱ ሰ የሚጽፉትስ? ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ሁለት ቤት ናቸው። ዝም ብሎ መደባለቅ አይቻልም።

(ስለዚህ ሠና ሰ አርባ መልእክት ገደማ ተጻጻፉ። አልደግመውም። አንዱ መሀል ገብቶ “ሱስ”ም ከዐረብኛው “ሱስ” ነው፣ ነቀዝ ማለት ነው፣ ከውስጥ ስለሚበላ ነው ቢል ሁለቱም ተባብረው ወረዱበት።)

ሻይ በሎሚ፦
ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ስድስት ዓመት ጨርቅ ስነግድ ኖሬያለሁ፣ ልናገር። የቻይናው “ያው” ከእኛው “መድኃኒት” ጋር መንታ ነው። የአይጥ መርዝ እዚያም “ላውሹ ያው” ነው፣ ቃል በቃል የአይጥ መድኃኒት! ባሩድ ደግሞ የእሳት መድኃኒት ነው። ነጭ ካፖርት ሳያውቀው ቻይንኛ ተናገረ። “ያንግ”ም የራሱ ጣጣ አለው። በባሕር የመጣ ሁሉ ያንግ ይቀጠልለታል። ክብሪት የባሕር እሳት፣ ላምባ የባሕር ዘይት። እኛስ ባሕር ዛፍ አላልንም? አንዳንድ አገር በቆሎን ባሕር ማሽላ ይሉት የለ? ስለዚህ ትርጉሙ ቁጭ ብሏል፦ ባሕር መድኃኒት።

ነጭ ካፖርት፦
የዓሣ ዘይት ይመስላል። ለሕፃን በማንኪያ የሚሰጠው።

ሻይ በሎሚ፦
እኮ! ዋናው ነጥብ እሱ ነው። የዓሣ ዘይት እንዲመስል ነው የተፈለገው። ደግሞ በዚያው ዓመት ቻይና ከእንግሊዝ ጋር የፈረመችው የቲየንጂን ውል አንቀጽ 51 ላይ እንግሊዞችን በመንግሥት ወረቀት “ዪ” ብሎ መጻፍ ተከለከለ። ባዕድ፣ ኋላቀር፣ አረመኔ እንደ ማለት ነው። ሰዎቹ ቃል በጦር መርከብ ነው ያስቀየሩት። ዪው ተሰርዞ በየወረቀቱ ያንግ ገባበት።

መሪጌታው፦
አረመኔ ከአራም ነው። አረሚ፣ አረማዊ፣ አረመኔ።

ብራና፦
መሪጌታ አደራ፣ እሱን ሌላ ቀን 🙏

ቀይ እስክሪብቶ፦
እኔ ያልገባኝ፣ “ስምምነት” ስትዪ ማን ከማን ተስማማ? መድፍ ግንባርህ ላይ ተደግኖ የሚፈረም ነገር ስምምነት ይባላል? በእንግሊዝኛውና በቻይንኛው መሀል ልዩነት ቢመጣ እንግሊዝኛው ነው የሚጸናው የሚል አንቀጽም እዚያው ቲየንጂን ውል ውስጥ አለ። እኛ ውጫሌ ላይ በአንድ “ይቻላቸዋል” ስንት ደም ፈሰሰ። “ውል” በዪው ቢያንስ። አድሏዊ ውል።

ብራና፦
ልክ ነህ፣ “ውል” አደርገዋለሁ። ግን ቀረጡን ቤጂንግም ፈልጎታል። በዚያ ሰዓት የታይፒንግ አመፅ ደቡቡን እየበላው ነው፣ ወታደር የሚከፈለው ገንዘብ የለም። መድፉም አለ፣ ባዶው ካዝናም አለ። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኦፒየም አጭሶ የማያውቀውን ገበሬ አስቡት። እህሉንና ድሩን የሚሸጠው በመዳብ ሳንቲም ነው፣ ያ መሀሉ ቀዳዳ ያለው፣ በገመድ እየተሰካ የሚቆጠረው። ግብሩ ግን የሚተመነው በብር ማዕድን ነው። ብሩ በኦፒየም ዋጋ እየተጫነ ሲወጣ (ከላቲን አሜሪካ የሚመጣውም ቀንሷል) ብር ተወደደ። ለአንድ ታኤል 1,000 ሳንቲም ገደማ ይቆጥር የነበረው ሰው በ1840ዎቹ እጥፍ ያህል ይቆጥራል። ግብሩ በወረቀት አልጨመረም። ገመዱ ግን ረዘመበት። የወንድሙ ልጅ ካልካታ በጨረታ የተሸጠውን እያጨሰ በጎኑ ቢጋደም፣ ለሁለቱም ከፋዩ ገበሬው ነው። ይህንን “አደንዛዥ ዕፅ” ብዬ ስጽፈው ነገሩ የፖሊስ ዜና ይሆንብኛል።

ነጭ ካፖርት፦
“ዕፅ” ደግሞ በግእዝ ዛፍ ነው አይደል? አደንዛዥ ዛፍ። ባሕር ዛፍ ያደነዝዛል እንዴ 😂

ፊደል ገበታ፦
ቀልዱ ይብቃ። ንጉሠ ነገሥት ዮንግጄንግ በ1729 ከመከልከሉ በፊት ቻይናዎች ኦፒየምን ለተቅማጥና ለሕመም ይወስዱት እንደነበር አውቃለሁ። ያኔ መድኃኒት ነበር። ማጨስ ሲጀመር ግን መድኃኒትነቱ ቀረ። ስሙም መቅረት ነበረበት። የኔ ሐሳብ ይኼ ነው።

ነጭ ካፖርት፦
ጋሼ፣ ከዚያ የባሰ ልንገርዎ? ከዚያ በኋላ ሱስ ለማስተው ተብሎ ሚሲዮናውያን ከሚያድሉት ክኒን ሞርፊን ያለበት ነበር። ሕዝቡ ምን አለው? “የኢየሱስ ኦፒየም”።

(እዚህ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።)

መሪጌታው፦
እግዚኦ።

ፊደል ገበታ፦
እንግዲህ... ሥሩ ድኅነ ነው።

ብራና፦
ማተሚያ ቤት ገባ። አራሚው ዛሬ ጠዋት ምንም ሳይነግረኝ “መድኃኒት”ን መልሶልኛል። ጥያቄዬን አይቶት ይሁን፣ ደክሞት ይሁን እንጃ። ግን የመለሰው በሃሌታው ሀ ነው።

ፊደል ገበታ፦
ስልኩን ስጪኝ።