የኤሪክሰን ደረጃዎች፦ አንዱን ያልተወጣ ሰው እዚያው ይቀራል?

ናቲ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድገት ከሕፃንነት እስከ እርጅና የከፈለባቸውን ስምንት ደረጃዎች ከነዕድሜያቸው በቃሌ ይዣለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ግራ ገባኝ። አንዱን ደረጃ በደንብ ያልተወጣ ሰው ወደ ቀጣዩ አያልፍም ማለት ነው? ደግሞስ ቤተሰቡ «ሐኪም ትሆናለህ» ስላለው ብቻ ያለ ጥርጣሬ ሕክምና የመረጠ የ18 ዓመት ልጅ ማንነቱን አግኝቷል ይባላል?

መምህር ዘ፦ ያልፋል እንጂ! ማትሪክ መሰለህ እንዴ፣ ወድቀህ የምትደግመው? ዕድሜው ሲደርስ ሰውነትም ማኅበረሰብም ይገፉሃል፤ ያልተፈታውን ይዘኸው ትሄዳለህ፣ ኋላም ሊቃና ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ አዎንታዊና አሉታዊ ጎን አለው፤ የመጀመሪያው ለምሳሌ መተማመንና አለመተማመን ነው። ተማሪ በብዛት የሚስተው አሉታዊውን ጎን ጨርሶ መጥፋት ያለበት አድርጎ መያዙ ነው። ማንንም የሚያምን ልጅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ የሚፈለገው ሚዛኑ ወደ መተማመን እንዲያደላ ነው።

ሁለተኛውን ደረጃ እይ፣ ራስን መቻል ወይስ ሃፍረትና ጥርጣሬ የሚባለውን፣ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ገደማ። ልጁ ጫማውን ራሱ ሲያደርግ ግራና ቀኙን ያምታታል። «አምጣ፣ ረፈደብን» ተብሎ በየቀኑ ከእጁ ከተነጠቀ፣ ይባስ ብሎም ሰው ፊት ከተሳቀበት፣ በራሱ መጠራጠርና ማፈር ይለምዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀደም ብሎ መጀመር፣ ሁለት ምርጫ ብቻ መስጠት (ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?)፣ ማሰሪያውን ብቻ ማገዝ። ሁሉን መፍቀድም ግን አይሆንም፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ላይ ደጋግሞ መውደቅም ያው ሃፍረት ነው።

ሰላም አማካሪ፦ ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። ማንነትን ማግኘት የኤሪክሰን አምስተኛው፣ የጉርምስናው ደረጃ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ማርሺያ በ1966 ይህን ማንነት በሁለት ነገር ለየው፦ አማራጭ ፈትሿል ወይ? ወስኗልስ? ፈትሾ የወሰነ አለ፣ ገና እየፈተሸ ያለ አለ፣ ሳይፈትሽ የወሰነ አለ፣ ሁለቱም የሌሉት አለ። ያንተ ልጅ ሦስተኛው ይመስላል። ለማጣራት «የተሻለ ነገር ቢገኝ ሕክምናን ትተዋለህ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱ «አባቴ ምን ይላል» ላይ ከቆመ ፍንጭ ነው። በሙያ እንዲህ የሆነ ሰው በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ ብዙ ፈትሾ ሊሆን ስለሚችል ለየብቻ ጠይቅ። እንዲህ ያለው ልጅ በሽተኛ አይደለም፤ እንዲያውም የተረጋጋ ይመስላል። የሚናጋው ውጤቱ ለሕክምና ሳይበቃ ሲቀር ነው፤ ሌላ አማራጭ አስቦ አያውቅማ።

ናቲ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዘጠነኛ ደረጃ የሚሉትስ?

መምህር ዘ፦ ኤሪክሰን በ1994 ካረፈ በኋላ ባለቤቱ ጆአን በ1997 የጨመረችው ነው፤ ስለ 80ዎቹና 90ዎቹ ዕድሜ። ፈተናው ላይ እሷ ካልተጠቀሰች ስምንት ብለህ መልስ።