ክራርና ድምፄን ስቀዳ ለምን ይሰነጠቃል?

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች። ቤት ውስጥ ክራርና ድምፄን መቅዳት ጀምሬ ነበር። ኮንደንሰር ማይክና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) አለኝ። ዝግ ብዬ ስዘፍን ደህና ነው፣ አዝማቹ ላይ ጮክ ስል ግን ይሰነጠቃል። ደግሞ ሁሉም ነገር መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ማይኩን ልቀይር?

ክር ሳቢ፦
ኧረ ብርህን ያዝ! ማይክህ ምንም አልሆነም፣ ጌይኑን (ኢንተርፌሱ ላይ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) አብዝተኸው ነው። ዲጂታል ላይ 0 ዲሲቤል ጣሪያ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ይቆረጣል፣ በኋላ ድምፁን ብትቀንሰውም የተቆረጠው አይመለስም። በጣም የምትጮህበትን ቦታ ዝፈንና መለኪያው ላይ የድምፁ ጫፍ -12 እና -6 ዲሲቤል መካከል እስኪውል ጌይኑን ቀንስ። በ24 ቢት (ዝቅ ያለ ድምፅንም በጥራት በሚይዘው የመቅጃ ምርጫ) ከቀዳህ ዝቅ ማለቱ አያሳስብህ።

የማታ ቀጂ፦
ማስተጋባቱ ከክፍሉ ነው። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ድምፁን መልሶ ማይኩ ላይ ይወረውረዋል። እኔ ከኋላዬ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅዬ ነው የምቀዳው፣ እናቴ ልብስ ያሰጣሁ መስሏት ስትስቅ ነበር። ስትዘፍን ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ፤ ካርዲዮይድ (ከፊት ለፊቱ ያለውን ድምፅ አብልጦ የሚይዝ ማይክ) ከሆነ በጣም ስትጠጋው ወፍራሙን ድምፅ ያጋንነዋል። ክራሩን ለብቻው ቅዳው፣ ማይኩን ከቆዳው 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቀህ ጀምርና በጆሮህ እየሰማህ አስተካክል።

ጀማሪው፦
ጌይኑ ለካ ጥግ ድረስ ተከፍቶ ነበር፣ አፈርኩ። መሰንጠቁ ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ፍሪጁ ይሰማል።

ክር ሳቢ፦
ስትቀዳ ንቀለው። መልሰህ መሰካቱን ግን እንዳትረሳ፣ እኔ አንድ ኪሎ ሥጋ አበላሽቼበታለሁ።